ግመሉ ባሕር እስኪደርስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደምሴ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ጥጥና አንድ ጠርሙስ አልኮል አስያዙኝና፣ «በይ ልጄ፣ እዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ሥልጠና አልነበረም።

ቤቱ ጌም ቤት ነው። ቃሊቲ፣ ተሳቢ መኪኖች ጭነታቸው እስኪፈተሽ ተራ የሚጠብቁበት መንገድ ዳር፣ በጎማ ጠጋኝና በምግብ ቤት መካከል። ግድግዳው ላይ አራት ቴሌቪዥን፣ ከሥራቸው አራት የጌም ማሽን፣ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ክፍል ፎርማንነት ነው። ጡረታ ሲወጡ ውጭ ያለ ልጃቸው ማሽኖቹን ላከላቸው። ስለ ጌም ምንም አያውቁም፤ ስለ ማሽን ግን ያውቃሉ። «የሚሞቅ ነገር ሁሉ እረፍት ይፈልጋል» ይሉኝ ነበር።

እኔ ትዕግስት እባላለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው መልአክ የዚያን ቀን ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። በሽንፈቱ ተናዶ ጆይስቲክ የሚወረውር ደንበኛ ጆሮውን ይዤ አስወጥቼ አውቃለሁ፤ ያውም ባለ ትዳር። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለው ሊቆጡኝ ጀመሩና የተሰበረውን ጆይስቲክ ሲያዩ ተዉት።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጠዋት ቤቱን ጠርጎ ማሽኖቹን በስታብላይዘር በኩል ማስነሣት። የጆይስቲክ ቁልፍ ሲደነዝዝ ፈትቶ ውስጡ ያለችውን ጥቁር ጎማ በአልኮል መጥረግ። ሲዲ አላነብ ያለውን ማሽን ሌንሱን ማጽዳት፤ እንቢ ካለ ደግሞ ገልብጦ በጀርባው ማስተኛት። ሲገለበጥ ለምን እንደሚያነብ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ግን ያነባል። የቀረው ዳኝነት ነው። ሁሉም የሚጫወተው ኳስ ነው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ከጎል ይልቅ ክርክሩ ነው የሚያደክመው።

ጋሽ ሰይድ የመጣው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ የባቲ ሰው። ተሳቢውን ተራ አስይዞ ቀኑን የሚገፋበት ቦታ ሲፈልግ ገባ። አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጓል፤ ቀኝ ክንዱ ከግራው ነጣ ይላል፣ ምክንያቱም የሾፌር ግራ ክንድ መስኮት ላይ ውሎ ፀሐይ ይመታዋል። ዕድሜው ከእኔ ርቆ ስለሚሄድ አንቱ አልኩት።

«አንቱ ስትይኝ ወገቤን ያመኛል፤ ተዪው» አለኝ። አንቱን ተውኩ። ጋሼን ግን አልተውኩም።

«ኳስ አልችልም» አለ ዙሪያውን አይቶ። «ሰው ከሰው የማይሸናነፍበት ነገር የለሽም?»

መሳቢያ ውስጥ ማንም የማይነካው ሲዲ ነበረኝ። የጋሽ ደምሴ ልጅ ከማሽኖቹ ጋር የላከው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ መንደር በድርቅ ይመታል፤ አራት ሰዎች ከመንደሩ ተነሥተው ወደ ባሕር ይጓዛሉ። ዕቃቸውን የሚሸከም አንገተ ረጅም እንስሳ አላቸው። መንገድ ላይ ሰው ያገኛሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ይዋጋሉ፣ ትጥቅ ይገዛሉ፣ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። የምትጫወተው ከአራቱ አንዱን ሆነህ ነው፤ እሱ የሚመልሰውን መልስ አንተ ትመርጥለታለህ።

«ግመል ነው» አለ ጋሽ ሰይድ እንስሳውን ገና ሲያየው።

«ግመል ላባ አለው እንዴ?» አልኩት።

«ባቲ ተወልጄ አንቺ ስለ ግመል ልትነግሪኝ ነው?»

በዚያው ስሙ ግመሉ ሆነ። ተከታዮቹ ሲመጡም ግመሉ ሁለት፣ ግመሉ ሦስት እያልን ስድስት አደረስነው። ዛሬ ወጣቶቹ ደንበኞቼ የትኛው ክፍል ይበልጣል፣ የትኛው የወረደ ነው እያሉ ስልካቸው ላይ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔም የራሴን ልናገር ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት፤ ምክንያቴ ግን የእነሱ ዓይነት አይደለም።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ደምሴ ከሰዓት መጥተው ከጋሽ ሰይድ ኋላ ቆሙ።

«ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?» አሉኝ።

«ብቻውን ነው።»

«ታዲያ ተሸናፊው ማነው?»

ጋሽ ሰይድ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «እኔው ነኝ፣ ጋሼ። ከመጣሁ ሦስቴ ሞቻለሁ» አላቸው። ጋሽ ደምሴ ሳቁና በሰዓት እንዲከፍል ፈቀዱለት። በቤቱ ታሪክ ብቻውን ተጫውቶ የከፈለ የመጀመሪያው ደንበኛ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ አራቱ ሰዎች አንድ ተራራ አናት ላይ ይወጣሉ፤ መሪያቸው ባሕሩ ከማዶ ነው ይላል፤ ያበቃል። ባሕሩ አይታይም። ጋሽ ሰይድ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«እኔ ባሕሩን በየምልልሱ አየዋለሁ» አለ። «ዕቃ ጭኜ ጀርባዬን ሰጥቼው እመለሳለሁ፤ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። እነዚህ ምስኪኖች ግን ከብታቸው አልቆ ነው የተነሡት። ወላሂ፣ ግመሉ ባሕር ሲደርስ ሳላይ ይሄን ነገር አልተወውም።»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ሁለተኛው ክፍል የእኔ ምርጥ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ምክንያቱም ከስድስቱ ሁሉ ሥዕሉ ደካማ፣ ውጊያው ቀርፋፋ እሱ ነው። ከመርካቶ ያስመጣሁት ቅጂ ደግሞ ፊደሉ የቻይና ይሁን የጃፓን የማይታወቅ ሆኖ ተገኘ። ልመልሰው ሲዲውን ሳወጣ ጋሽ ሰይድ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው። ወደብ ላይ የማንን ቋንቋ እያወቅኩ ነው የምሠራው? የሰውየውን ፊት አያለሁ፣ እጁን አያለሁ፣ በቃ ይገባኛል።»

እውነትም ገባው። ድልድይ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲያስቆማቸው፣ «ኬላ ነው» አለ። «የጭነት ወረቀት አምጡ እያለ ነው። የኛው ደግሞ፣ አለቃ፣ በቀደም አሳይቻለሁ እኮ ይለዋል። አየሽ፣ ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ፤ ሊያሳልፋቸው ነው።» አሳለፋቸው። አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ ብዙ ተናግራ ስታለቅስ፣ «ወንድሟ ባሕሩ ዘንድ ነው። ከሄደ አልተመለሰም። ስንቁን አድርሱልኝ ነው የምትለው» አለ።

ኳስ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ጆይስቲካቸውን እየተዉ መጡ። መልስ መምረጥ ሲያስፈልግ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ ቤቱ በሙሉ «ላይኛውን!»፣ «ታችኛውን!» እያለ ይጯጯሃል። ጋሽ ሰይድ ረጋ ብሎ፣ «ታችኛው ስድብ ነው። ከሽማግሌ ጋር እያወራን ስድብ አንመርጥም» ይላቸዋል። ከየት አመጣኸው ያለው ሰው የለም።

ትልቁ ስሕተታችን የጉድጓዶቹ ነው። በየመንደሩ መግቢያ አንዳንድ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጋሽ ሰይድ፣ «በረሃ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ውሃ የተመረዘ ነው። እንዳትነኩ» አለን። እኛም አልነካንም። ጨዋታው የደረስክበትን መመዝገቢያ ቦታ አጣንለት፤ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል አይመዘገብም ብለን ደመደምን፤ ማሽኑ ደግሞ ከጠፋ ያለፍንበት ሁሉ ይጠፋል።

መፍትሔው ማሽኑን አለማጥፋት ነበር። ጋሽ ሰይድ ጅቡቲ ወርዶ እስኪመለስ ማሽኑ እንደበራ ይጠብቀዋል። «አይጠፋም፤ ጋሽ ሰይድ መንገድ ላይ ነው» ብዬ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩበት። ጋሽ ደምሴ ማሽኑን በመዳፋቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ትኩሳት ይዞታል» ይሉኝ ነበር። ከቤቴ ቬንትሌተር አምጥቼ ደገንኩበት።

የቃሊቲ መብራት ግን የጋሽ ሰይድን መንገድ አያውቅም። በረሃውን ልናጋምስ ስንል ድርግም ይላል። ቤቱ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ይቃትታል፤ ከዚያ መብራቱ ሲመጣ ከደረቀው መንደር እንደገና እንነሣለን። በየጊዜው ስንነሣ ታሪኩ ያድግ ነበር። የሴትየዋ ወንድም ስም ወጣለት፣ ዳሪ አልነው። ባርኔጣው ሰውዬ ልጁን ሊድር ነው ተባለ። አንድ ሰሞን ማን ሚዜ ይሁን በሚል ሁለት ደንበኞች ተኳረፉ።

ቆይቶ የእንግሊዝኛው ቅጂ ሳሪስ አንድ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና እንግሊዝኛውን አነባለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጉድጓዱ ነው። ቀዩ ጽሑፍ፣ ጠጡ፣ እረፉ፣ ጉዟችሁን እዚህ መዝግቡ ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቅርጫት የያዘችው ሴት ደግሞ ወንድም የላትም፤ ከመንደራችን ውጡልን፣ ውሃችንን ልትጨርሱ ነው እያለች ነው የምታለቅሰው።

ይህን ሁሉ ተርጉሜ ለጋሽ ሰይድ ነገርኩት። ፎጣውን አንገቱ ላይ እያስተካከለ አዳመጠኝ።

«ተርጓሚው ተሳስቷል» አለ።

ቤቱ በሙሉ ተስማማ። የእንግሊዝኛውን ሲዲ አውጥቼ የማይነበበውን መለስኩት። አሁን ግን ጉድጓድ ባየን ቁጥር እየጠጣን መጨረሻው ደረስን። መጨረሻው ላይ ጭጋግ ነው፤ ባሕሩ ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ምርጤ ሁለተኛው ነው፤ ማንም ባይስማማ ግድ የለኝም።

ሦስተኛውን ወጣቶቹ ይወዱታል፤ የሚበር መርከብ ስላለው። ጋሽ ሰይድ አየውና፣ «መብረር ከተቻለ ግመሉ ለምን ተፈጠረ?» አለ። በግማሽ ተወው። አራተኛው ውጊያው ያምራል፤ ግን መንደር በገባህ ቁጥር አንዱ ድመቴ ጠፋች፣ ሌላው ዕቃ አድርስልኝ ይልሃል። «ሾፌር ነኝ እንጂ ተላላኪ ነኝ እንዴ?» እያለ በግድ ጨረሰው። ግመሉ በረሃው አፋፍ ላይ ቆሞ አበቃ፤ ቀጣዩ ክፍል ባሕሩ ላይ እንደሚያልቅ ተጽፎ ነበር። ያን ሳነብለት ደስ አለው።

አራተኛውን ሲጫወት ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። በየጊዜው አግዳሚውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋል። «ብርሃኑን ጨምሪልኝ» ይለኛል፤ ጨምሬ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ጠላት ከፊቱ ቆሞ እያለ ግድግዳ ሲመታ አየሁና ማሽኑን አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ዓይንህን ታይተሃል?»

«ታይቻለሁ። ስኳር ነው፤ ዓይኔ ላይ ወጥቷል አሉኝ።» ከዚያም፣ «ሰው ሳልገድል የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሻለሁ» አለ።

ማጽናናት አልችልበትም። አልኮልና ጥጥ አንሥቼ ንጹሑን ጆይስቲክ እንደገና ማጽዳት ጀመርኩ።

ለሕክምናው ሲል ኮዬ ፈጬ እህቱ ኮንዶሚኒየም ገባ። ሚስቱና ልጆቹ ባቲ ናቸው። ከኮዬ በሚኒባስ ይመጣል፤ ረዳቶቹ ስለለመዱት በራችን ላይ ያወርዱታል። ተሳቢ የለው፣ ተራ የለው፤ እንዲያው መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና የኳሱን ጩኸት ይሰማል። ሲገባም ሲወጣም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«አምስተኛው ወጣ?»

«አልወጣም፣ ጋሼ።»

«ዓይኔ ሳይጠፋ ቢመጣ ጥሩ ነበር። ግመሉ ባሕር ሲደርስ ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ እንኳ አልጠየቅኩም።»

አምስተኛው ሲወጣ የእኛ ማሽን አላነሣው አለ፤ አዲስ ማሽን ይፈልጋል። ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጌሙን ስልኩ ላይ አድርጓል። «ስንት ሰው ይጫወትበታል?» አሉኝ። አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አያይም ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። «ለኳሱም ይሆናል» አሉና ገዙት። ለኳሱ እንዳልገዙት ሁለታችንም እናውቃለን።

ማሽኑ የገባ ቀን ጋሽ ሰይድ የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር። መስኮቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ጠፍቶበታል። አጠገቡ ተቀምጬ እኔ ልጫወትልህ አንተ አዳምጥ አልኩት።

«የሰው መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም» አለ። «ጆይስቲኩን ስጪኝ። አንቺ ረዳት ሁኚ።»

ረዳት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ከበራችን ውጪ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እሱን ነው፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ይጮሃል፣ ሾፌሩ የማያየውን ቦታ በረዳቱ ድምፅ ይነዳል። በአምስተኛው ክፍል ጆይስቲኩ የሚነዳው ግመሉን ነው። እኔም ጀመርኩ። «ግራ ስበር። ትንሽ። መልስ። ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ግመሉ የድልድዩን መግቢያ ሳይነካ አለፈ። ጋሽ ሰይድ በሙሉ ጥርሱ ሳቀ። ዓይኑ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

በዚህ አኳኋን አምስተኛውን ክፍል ነዳን። ኳስ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ለመዱት፣ እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ «ቀኝ ስበር ጋሼ፣ ድንጋይ አለ» የሚል አላጣም። ጠላት ሲመጣ ጆይስቲኩ እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከየት በኩል እንደሆነ ብቻ እነግረዋለሁ። ንግግሩን እተረጉምለታለሁ። አንዳንዴ የተረጎምኩትን አይወድም፣ «እንዲህ አይልም፤ እንደገና ስሚው» ይለኛል። መልሼ ሰምቼ ያንኑ እነግረዋለሁ።

አንድ ሕግ አወጣልኝ። «ረዳት የሚያምር ነገር አይናገርም» አለኝ። «ያለውን ነው የሚናገረው። ሜዳ ከሆነ ሜዳ፣ ገደል ከሆነ ገደል። ሁለተኛውን እኔ ስነግራችሁ ሌላ ነው፤ ያኔ ሁላችንም እያየን ነበር።»

የመጨረሻው በረሃ ረጅም ነው። ወጣቶቹ አምስተኛውን የሚጠሉት በዚህ ነው፤ አሸዋ ብቻ፣ ጠላት እንኳ የለም፣ ዝም ብሎ መሄድ። ጋሽ ሰይድ ግን ወደደው። እንደዚያ ያለ መንገድ ያውቃል። ስንት ከባድ መኪና በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጎማው ፈንድቶ እንደቆመ፣ ከየትኛው ሾፌር ውሃ እንደተቀበለ እያወራልኝ ነዳ።

ከረፋዱ ላይ ነው። ጆይስቲኩን ወደ ፊት ገፋ፣ ግመሉ አልሄደም። እንደገና ገፋ።

«አልሄድ አለኝ» አለ። «ምን ይዞናል?»

ስክሪኑ ላይ ግመሉ ወድቋል። አራቱ ሰዎች ከበውታል፤ ሙዚቃው ቆሟል፤ ከነፋሱ በስተቀር ድምፅ የለም።

«ግመሉ ተኝቷል» አልኩት።

«እግሩን እንዴት አድርጓል?»

ጥያቄው አልገባኝም።

«ግመል ሊያርፍ ሲተኛ እግሩን ከሥሩ ያጥፋል፣ አንገቱን ቀጥ ያደርጋል። ያ ከሆነ ይነሣል። ወደ ጎን ዘርግቶ አንገቱን መሬት ላይ ከጣለ አይነሣም። እንዴት አድርጓል?»

አየሁ። እግሮቹ ወደ ጎን ተዘርግተዋል። አንገቱ አሸዋው ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆችም አዩ። አጥፎ ነው የተኛው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ይደሰት ነበር፣ እኔም እንደሱ።

«ዘርግቷል፣ ጋሼ። አንገቱም መሬት ላይ ነው።»

አውራ ጣቱን ከጆይስቲኩ ላይ አነሣ።

«የአላህ ፍጥረት» አለ ቀስ ብሎ። «እስኪበቃው ነው የተሸከመልን።» ከዚያ ጆይስቲኩን አስተካክሎ ያዘ። «ሰዎቹስ? ይሄዳሉ?»

«እየተነሡ ነው።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ቀጥ ነው?»

«ቀጥ ነው።»

ሌላ የሚነገር አልነበረም። ቀጥ፣ ትንሽ ቀኝ፣ መልስ። አንድ የአሸዋ ጉብታ ወጡ። ከጉብታው ማዶ ሰማያዊ ነገር መጣ፤ ስክሪኑን ሞላው። ሙዚቃው ተነሣ።

«ደረስን» አልኩት።

«ባሕሩ ነው?»

«ባሕሩ ነው፣ ጋሼ።»

ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እዚሁ ቃሊቲ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ነኝ። እሱ ግን በየምልልሱ አይቶታል።

«ማዕበሉ ይመጣል?» አለኝ። «መጥቶ ይመለሳል?»

ተጠግቼ አየሁ። አይመጣም። ሠሪዎቹ እዚያ ሲደርሱ ደክሟቸው ይሁን ገንዘብ አልቆባቸው አላውቅም፤ ባሕሩ የቆመ ሥዕል ነው። አራቱ ሰዎች ሥዕሉ ፊት ቆመዋል። እንደገና ጠየቀኝ።

«አይመጣም፣ ጋሼ። አይንቀሳቀስም። ሥዕል ነው።»

«ሥዕል?»

«ሥዕል።»

የጨዋታው ሠሪዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ምንድን ነው የሚያልፈው ብሎ ጠየቀኝ፤ የሠሩት ሰዎች ስም ነው አልኩት። ብዙ ናቸው አለኝ፤ አዎ፣ ብዙ ናቸው፣ ገና አላለቀም አልኩት።

«ይሄን ያህል ሕዝብ ሆነው አንድ ማዕበል አቃታቸው?» አለ።

አንዱ ልጅ ሳቀ። ጋሽ ሰይድም ሊስቅ ሞከረ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ እንደያዘ ስሙ ሁሉ እስኪያልፍ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ «አብሽሪ፣ ትዕግስት። በይ የኮዬን መኪና አሳዪኝ» አለኝ። እጁን ይዤ አሳፈርኩት። ተመልሼ መጋረጃ የጋረድንበት ጥግ ገብቼ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ፣ ለእሱ ይሁን ለግመሉ፣ አልለየሁትም።

ሕክምናው አልያዘለትም። ወደ ባቲ፣ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። አልፎ አልፎ ይደውልልኝ ነበር፤ ከሰላምታ በኋላ ስድስተኛው ወጣ ወይ ይለኛል። ስድስተኛው ላይ ባሕሩ ይንቀሳቀሳል እያሉ ነው፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አንብበውልኛል እለዋለሁ። «ሲወጣ ደውይልኝና በስልክ እንነዳዋለን» ይለኛል።

እህቱ መሞቱን ደውላ የነገረችኝ በረመዳን መጨረሻ ነው። ቀብሩ እዚያው ባቲ ተፈጽሟል። ልቅሶ ኮዬ እህቱ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝና አንዷ፣ «በምን ነው የምትተዋወቁት?» አለችኝ። ጌም ቤት ብል ለልቅሶ ቤት አይሆንም መሰለኝ።

«ረዳቱ ነበርኩ» አልኩ።

ሴት ረዳት? ብለው ተያዩ።

ስድስተኛው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ ያኔ ቤቱን ትተውልኝ ነበር። ከስድስቱ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ሲታይ ያምራል። ታሪኩ የሚጀምረው ባሕሩ ዳር ነው። ሲዲውን አስገብቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማዕበሉ ይመጣል፤ አሸዋው ላይ ይወጣል፤ አረፋውን ትቶ ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል። ሳላውቀው «መጣ… ተመለሰ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። አጠፋሁት፤ ዳግመኛም አልከፈትኩትም። የምጠላው ክፍል ስድስተኛው ነው። ጉድለት የለውም፤ ዘገየ፣ እሱ ነው ጥፋቱ።

ቤቱን ዘግቼ አሁን ቱሉ ዲምቱ እኖራለሁ፤ ጆይስቲክ የሚበላሽባቸው ጌም ቤቶች ይልኩልኛል፣ እሠራለሁ። ያን ቀን ማዕበሉ እንደሚመጣ ብነግረው ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ደስ ብሎት ይሞት ነበር። ግን ረዳት «ና» ካለ ሾፌሩ ይመጣል። ከኋላው ያለው ሜዳ ይሁን ገደል የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ምን አለ ብሎ ከጠየቃችሁ ያለውን ንገሩት። ያሳዝናል፤ ቢሆንም ያለውን ንገሩት።